ሜፕል ሊፍስ በጥሎ ማለፉ ለምን ይወድቃሉ?

ቶሮንቶ ውስጥ የሚኖር ሰው ሆኪ ቢወድም ባይወድም፣ ሚያዝያ ገብቶ ጥሎ ማለፉ ሲቀርብ የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ቡድን የሜፕል ሊፍስ ወሬ በሥራ ቦታው ሳያገኘው አይቀርም። እኔ በእግር ኳስ ያደግሁ በመሆኔ፣ በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታት ጨዋታው ትርምስ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፓኳ (በኳስ ፈንታ የሚጫወቱባት ጠፍጣፋ ጎማ) ያለችበትን እንኳ ዓይኔ አይለይም ነበር። አመለካከቴን የለወጡት ከእኔ ብዙ ቀድመው የመጡና ታክሲ የሚያሽከረክሩ ጋሼ የምላቸው ያገሬ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ፓኳን አትከተል። ተከላካዩ ሊያነሣት በሜዳው ዙሪያ ወዳለው ግድግዳ ሲዞር፣ ከኋላው ማን እየደረሰበት እንደሆነ እይ» አሉኝ። ይህ ቡድን በመደበኛው ውድድር እያሸነፈ ቆይቶ በጥሎ ማለፉ ለምን እንደሚወድቅ የተገለጠልኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ሊፍስ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ ሻምፒዮን የሚያነሣውን የስታንሊ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከ2004 በኋላ አንድ ዙር ለማለፍ ደግሞ እስከ 2023 መጠበቅ ነበረባቸው። ጎል አግቢ አጥተው አይደለም፤ አጥቂያቸው ኦስተን ማቲውስ በ2023–24 መደበኛ ውድድር 69 ጎል አግብቶ ሳለ ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር በቦስተን ተሸንፎ ወጥቷል።

በመደበኛው ውድድር ከ80 በላይ ጨዋታዎች ሲኖሩ ተጋጣሚው ይፈራረቃል። በጥሎ ማለፉ ግን አንድ ተጋጣሚ በየሁለት ቀኑ ገደማ እስከ ሰባት ጊዜ ይገጥምሃል፤ ፓክ በያዘ ተጫዋች ላይ በትከሻ መግባት ሕጉ የሚፈቅደው ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ምሽት ደጋግሞ የተመታ ተከላካይ በአራተኛው ምሽት ግጭቱ ሳይደርስበት ፓኳን ለመገላገል ይቸኩላል። ዝም ብሎ ወደ ሌላው ጫፍ ቢልካት አይሲንግ የሚባል ጥፋት ይቆጠርበትና የደከሙት ተጫዋቾች ሳይቀየሩ ጨዋታው እዚያው በራሳቸው ግብ አጠገብ ይጀመራል። አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ያህል ነውና፣ ከዚያ በላይ የታገተ ቡድን እግሩ ይከዳዋል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ቡድኖቹ አቅጣጫ ስለሚለዋወጡ የተቀያሪዎች ወንበር ከሚከላከሉት ግብ ይርቃል፣ የደከመው ተከላካይም ወጥቶ ለመቀየር ይቸገራል፤ እኔ በጣም የምሰጋው በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ነው። ኮከቡ አጥቂ ፓኳን በሩጫ ላይ እያለ ካልተቀበላት ችሎታው የሚታይበት ቦታ አያገኝም።

ብዙ ሰው መፍትሔው ግዙፍ ተጫዋች ማምጣት ነው ይላል፤ በዚህ አልስማማም። ሊፍስ ለ2025ቱ ጥሎ ማለፍ የቀረቡት እንደ ክሪስ ታኔቭና ብራንደን ካርሎ ያሉ ጠንካራ ተከላካዮችን ጨምረው ነበር። ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር በነበራቸው ግጥሚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፈው 2 ለ 0 መርተው ሲያበቁ፣ አምስተኛውንም ሰባተኛውንም ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው 6 ለ 1 ተሸነፉ። ከተጋጣሚው ወገን በጣም ያስቸገራቸው ብራድ ማርሻንድ ቁመቱ 1.75 ሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛውን ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት በጎል የጨረሰውም እርሱ ሲሆን፣ የሚጫወተው በተራ ከሚገቡት አራት የአጥቂ መስመሮች በሦስተኛው ላይ ነበር። የፍሎሪዳ ኃይል ከቁመት ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ አራቱም መስመሮች ፈጥነው ይደርሳሉ፣ አንዱ ሲወጣ የገባው በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሊፍስ ተከላካዮች መተንፈሻ አያገኙም።

ለዚህ ልዩነት የገንዘብ አመዳደቡ ትልቅ ድርሻ ነበረው ብዬ አምናለሁ። ሊጉ ለአንድ ቡድን የሚፈቅደው የደመወዝ ጣሪያ 81.5 ሚሊዮን ዶላር በነበረባቸው ዓመታት፣ የሊፍስ ኮከቦች ማቲውስ፣ ታቫሬስ፣ ማርነርና ኒላንደር ከዚያ ግማሽ ያህሉን ይወስዱ ነበር። አራቱም ድንቅ ተጫዋቾች ናቸው፤ ነገር ግን ለሦስተኛውና ለአራተኛው መስመር የሚተርፈው በርካሽ የሚገኝ ሰው ሆነ። ማርነር በ2025 በጋ ወደ ቬጋስ ቡድን ሄዷል። በእርሱ ቦታ ሌላ ኮከብ ከማየት ይልቅ፣ ተከላካዩ ወደ ግድግዳው ሲዞር ቶሎ ደርሰው ፓኳን የሚቀበሉት ሁለት ሦስት ፈጣን ተጫዋቾች ቢመጡ እመርጣለሁ።