የሌለው እግሬ ሲያመኝ

ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ያጣሁት በመኪና አደጋ ነው። ስለ አደጋው አላወራም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና ሰልችቶኛል።

በተቆረጥኩ በሦስተኛው ሌሊት የግራ እግሬ ጣቶች ተጨማደዱ። የሌሉት ጣቶች! አውራ ጣቴ ሌሎቹ ላይ ወጥቶ በጉጠት የተያዘ ይመስላል፤ እንዳላፍታታው የሚፍታታ ነገር የለም። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳይ ፋሻ ብቻ። ያበድኩ መስሎኝ ለነርሷ «ቁስሉ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ሳልናገር ሁለት ወር ሙሉ ፓራሲታሞል ስውጥ ከረምኩ፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ህመም ከውሃ አይሻልም።

ቤት ስገባ እናቴ ጠበል አመጣች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «እግሩ ሲቀበር ተጣሞ ይሆናል፣ ቆፍራችሁ አቃኑለት» አሉ። ሳቅኩ። ሌሊት ግን፣ እውነቴን ነው፣ የት እንደተቀበረ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ለፊዚዮቴራፒስቱ ተናዘዝኩ። አልሳቀም። «እግርህ ተቆረጠ እንጂ አንጎልህ ውስጥ ያለው የእግርህ ቦታ አልተቆረጠም» አለኝ። የተቆረጡት ነርቮች ከጫፋቸው መልእክት ይልካሉ፣ አንጎል ደግሞ ከእግር የመጣ ይመስለዋል። ለካ ዊር ሚቸል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የጦር ቁስለኞችን አይቶ በፈረንጆች 1871 «ፋንተም ሊምብ» (የሌለ አካል ስሜት እንደማለት) ብሎ ስም አውጥቶለት ኖሯል፤ እኔ በዓለም ላይ ብቻዬን የታመምኩ መስሎኝ!

መድኃኒትም ታዘዘልኝ፣ ጋባፔንቲን። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ እያዳፋኝ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ገልብጬ ሰፋሁት። ሻል ሲለኝ ሐኪሙን ሳልጠይቅ በአንዴ አቆምኩት፣ ሌሊቶቼም ተመልሰው ሲኦል ሆኑ። እንዲህ አታድርጉ፤ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

የጠቀመኝ ግን መስታወት ነው። ራማቻንድራን የሚባል የህንድ ተወላጅ ሐኪም በፈረንጆች 1990ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው። አልጋ ላይ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ መስታወቱን በሁለቱ መካከል አቆማለሁ፣ ጉቶው ከኋላው ይደበቃል። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ቀኝ እግሬ ነው፣ ዓይኔ ግን ግራ ነው ይላል። ከዚያ ሁለቱንም እኩል ቀስ አድርጌ አንቀሳቅሳለሁ፣ የሌለውንም ጭምር።

በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሙሉ እግር ሳይ አለቀስኩ፣ አቅለሸለሸኝም፣ መስታወቱንም አልጋ ስር ወርውሬ ሁለት ሳምንት ዞር ብዬ አላየሁትም። ስመለስበት በየማታው 15 ደቂቃ ያዝኩ። ቀኝ እግሬ ላይ ካልሲ ካለ አይሠራልኝም፣ ስቸኩልም አይሠራልኝም፣ ህመሙ ጣራ ከነካ በኋላ ብጀምረውም እንደዚያው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ማታ አውራ ጣቴ ከሌሎቹ ላይ ወረደ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቋጠሮ ሲፈታ።

ጨርሶ ለቀቀኝ አልልም። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲገባ ይነሳብኛል፤ ጉቶዬን በፎጣ እያሸሁ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አሳልፈዋለሁ። ሰው ሰራሽ እግሬን ያደረግኩ ቀን ይቀለኛል። የስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ግራ እግሬ አሁንም ፔዳሉን ይረግጣል፤ በፊት እናደድ ነበር፣ አሁን ይርገጥ ብዬዋለሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ የሌለው ውስጥ እግሬ አሳከከኝ። መስታወቱን አውጥቼ ቀኙን አከክኩት። ግራው ተወኝ።