የተቃጠለውን መጽሐፍ እንደገና ያጻፈ አምላክ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ቆይቷል፤ ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ግን ያ ሌሊት እየመጣ እጄን ይይዘኛል። ዛሬ እርሱ ይርዳኝ ብዬ ጀምሬአለሁ።

ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነው። በጋዜጣ ጀምሬ ወደ ሬዲዮ ዘለቅሁ። ደብዛቸው ስለ ጠፋ እስረኞች ብዙ ደክሜ የሠራሁት ዘገባ «ጊዜው አይደለም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ሥራዬን ለቀቅሁ። እናቶች አምነው ነግረውኛል። አንዲት እናት የልጃቸውን ጫማ ጠርገው በሩ አጠገብ እንዳስቀመጡት ነበር። እንግዲህ ለእኚህ ሴት «አለቃዬ አልወደደውም» ተብሎ ምን ይነገራል? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው፣ ሰዎችን አስገድዶ ከመሰወር የሚጠብቀው ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ ቤተሰብ እውነቱን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ያን አንቀጽ በዜና ደጋግሜ ጠቅሼዋለሁ። መብቱ ግን ያየውን የሚናገር ሰው ካልተገኘ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ወደ ዘጋቢ ፊልም የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካዊውን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ሮበርት ድሩን አስብ ነበር። እርሱም የላይፍ መጽሔት ጋዜጠኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ከባልደረቦቹ ጋር ትከሻ ላይ የሚያዝ ካሜራና ተንቀሳቃሽ የድምፅ መቅጃ ይዞ ኬኔዲና ሃምፍሪ የፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን በዊስኮንሲን ያደረጉትን የምርጫ ፉክክር እግር በእግር ተከታተለ። ከእርሱ ጀርባ ግን ትልቅ የሕትመት ድርጅት ቆሞ ነበር። እኔ የነበረኝ አንድ ካሜራ፣ አንድ የድምፅ መቅጃና ልብስ ላይ የሚሰካ አንድ ማይክሮፎን ነው። መብራት ስለሌለኝ በመስኮት ብርሃን እቀርጻለሁ፤ ክፍሉ ሲያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥምና ካለኝ ገንዘብ የሚበዛውን ለማይክሮፎኑ አውጥቻለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እየቀረጽሁ በቀሪው ቀን ምስክር ፍለጋ እዞራለሁ። እኅቴ በእነዚያ ዓመታት የቤት ኪራይ ስትከፍልልኝ አንድም ቀን «ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላኝ አታውቅም። እግዚአብሔር ብድሯን ይክፈላት።

ምስክሩን ራሱ ጌታ አመጣው ብዬ አምናለሁ። ደብዛቸው የጠፋው እስረኞች በነበሩበት እስር ቤት ጠባቂ የነበሩ፣ ሳንባቸው የታመመ አባት ናቸው። «ይህን ይዤ እፊቱ አልቀርብም» ብለው በልጃቸው በኩል ላኩብኝ። በሌሊት እየተጠሩ የወጡትን ሰዎች ስም፣ ማን እንደጠራቸውና የት እንደተወሰዱ በቃላቸው ያውቁ ነበር።

አመሻሽ ላይ ቤታቸው ገባሁ። ማይክሮፎኑን በሸሚዛቸው ውስጥ አሳልፌ ደረታቸው ላይ ሰካሁት። መናገር ጀመሩ። ዝግ ብለው፣ በሳል እየተቋረጡ፣ እያንዳንዱን ሰው ከነአባቱ ስም ይጠሩ ነበር። እኔ ጥያቄ መጠየቅ ትቼ አለቅስ ነበር።

በሩ ተደበደበ። ልጃቸው መብራቱን አጠፋ፤ የካሜራው ቀይ መብራት በጨለማው ውስጥ ሲበራ አይቶ ባትሪውን መንጭቆ አወጣው፤ የድምፅ መቅጃውንም እንዲሁ። ከዚያ እኔን ከነዕቃዬ ወደ ጓዳ ገፍቶ መዝጊያውን ገጠመው። መዝጊያው ቁልፍ የለውም። የካሜራውን ማቆሚያ እግሮቹ እንደተዘረጉ አቅፌ ቆምሁ፤ ልጠፈው ብል ማጠፊያው ቀጭ ይላል። ካርዶቹን አውጥቼ ጫማዬ ውስጥ ከተትሁ። ደረታቸው ላይ የቀረው ማይክሮፎን ትዝ ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሰዎቹ ገቡ። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ የሰማሁት የጫማና የወንበር ድምፅ ነው። አንደኛው «ሁለት ብርጭቆ ነው ያለው። ማን ነበር እዚህ?» አለ። አባት «የእኔና የልጄ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በስንጥቁ በኩል ሳይ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበውታል፤ ከሥሩ ጥቁር ሽቦ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ልጃቸው ቆሞበት ነበር። ያ ልጅ እስከ መጨረሻው እግሩን ከዚያ ሽቦ ላይ አላነሣም።

እኔ መዝሙር 91ን ልጸልይ ሞከርሁ። ከልጅነቴ የማውቀው መዝሙር ጠፋኝ። «ከሌሊት ግርማ» ከሚለው አላልፍ አልሁ፤ «ከሌሊት ግርማ፣ ከሌሊት ግርማ» እያልሁ ደጋገምሁት። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። ሣጥን ሲከፈት፣ ፍራሽ ሲገለበጥ ሰማሁ። ከዚያ እርምጃ ወደ ጓዳው መጣ፤ የመዝጊያው እጀታ ወደ ታች ወረደ።

በዚያች ቅጽበት አባት ሳል ያዛቸው። እንደዚያ ያለ ሳል ሰምቼ አላውቅም፤ ትንፋሻቸው ተቆረጠ፣ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ልጃቸው ከቆመበት ሳይነቃነቅ «አባቴ ሞተብኝ!» ብሎ ጮኸ። እጀታው ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ሰውየው የሚሞት ሰው አጠገብ መገኘት ፈራ መሰለኝ፣ ጓደኞቹን ጠርቶ ወጣ። በር ላይ መኪናቸውን ሳያስነሡ ብዙ ቆዩ፤ እኛም ሊነጋጋ እስኪል ድረስ በየቆምንበት ቀረን። ስወጣ አባትን «ሆን ብለው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሳል እኔ አላዝዘውም» አሉኝ።

እየዘመርሁ ቤቴ ደረስሁ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስሰካ ፋይሉ አልከፈት አለ። ድምፁም አልከፈት አለ። ብዙም ሳይቆይ አባት አረፉ።

እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። እዚህ ላይ ማለዘብ አልፈልግም። «ባዶ እጄን ልትሰደኝ ከሆነ ለምን አዳንኸኝ? ሳሉን ያመጣህ አምላክ አንዲት ፋይል ማዳን አቅቶህ ነው?» አልሁት። ዕንባቆም «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማ እስከ መቼ ነው?» ያለው ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላውን ገጽ ሁሉ ትቼ እርሷን ብቻ አነብብ ነበር። በጉባኤ መካከል ሌሎች ሲዘምሩ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ። ወራት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ምሽት እኚያ የጫማው እናት ደወሉልኝ። «ኤርምያስ 36ን አንብቢ» ብለው ስልኩን ዘጉ። አነበብሁት። ንጉሡ ኢዮአቄም ባሮክ የጻፈውን መጽሐፍ ቀድዶ እሳት ውስጥ ይጥለዋል። ኤርምያስም ሌላ ክርታስ ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ የተቃጠለው ሁሉ እንደገና ተጻፈ፣ እንደ ቀድሞው ያለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። ካርዶቹን በማግስቱ ከመሳቢያ አወጣኋቸው።

ጌታ የጠፋ መረጃ የሚመልስ አንድ ወጣት ዘንድ መራኝ። እርሱ እንዳስረዳኝ የእኔ ካሜራ በሚሠራበት የኤም ፒ 4 ፋይል ምስሉ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቀረጻው ሲካሄድ ነው፤ የት ምን እንዳለ የሚያመለክተው ማውጫ ግን የሚጻፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲቆም ነው። ባትሪው ተመንጭቆ ሲወጣ ማውጫው ሳይጻፍ ቀረ። «እኅቴ፣ መጽሐፉ ማውጫ የለውም እንጂ ገጾቹ ሁሉ አሉ» አለኝ። ካርዶቹን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ምንም ስላልቀረጽሁባቸውም ገጾቹ አልተነኩም ነበር።

መጀመሪያ የተመለሰው ድምፁ ነው። ፋይሉን እንደ ጥሬ መረጃ ከፍቶ፣ ድምፁ የተቀረጸበትን ልክ (48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት) በእጁ ሞላና አጫወተው። ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የአባት ድምፅ። ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ወጣቱም ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ለምስሉ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አቀማመጥ አጭር ቀረጻ እንዳደርግለት ነገረኝና የጎደለውን ማውጫ ከዚያ አስልቶ ሠራው። ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች በቀር ሁሉም ተመለሰ። ክፍያ አልተቀበለኝም። ጌታ ቤቱን ይባርክለት።

ፊልሙን ለሕዝብ ከማሳየቴ በፊት ለእናት ብቻ አሳየኋቸው። ልጃቸው ከነአባቱ ስም ሲጠራ «መልሺው» አሉኝ። መለስሁት። ደጋግሜ መለስሁት። ኋላ ላይ «ከእንግዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እርሱ ነው ብዬ አልነሣም» አሉና ስለ እርሱ በሙሉ ድምፃቸው አለቀሱ። እኔም አብሬአቸው አለቀስሁ፤ ከዚያ ዘመርን። ዘግቼው የነበረ አፌ የተከፈተው በእርሳቸው ቤት ነው።

የተጨመረው ብዙ ቃል ደግሞ አሁን እየመጣ ነው። ፊልሙን ካዩት መካከል በዚያው እስር ቤት ያገለገሉ ሌላ ጠባቂ ስም የያዘ ደብተር እንዳላቸው ነግረውኛል፤ ፊታቸው ሳይሸፈን ለመናገርም ፈቅደዋል። ቀረጻው በሚመጣው ሳምንት ነው። ወገኖቼ፣ ስለ እርሳቸውና ስለ ቤተሰባቸው ጸልዩልኝ። በሩን የሚጠብቅ እርሱ ነው።