ከብርቱካን ወደ ቡናማ

ቤተሰብ ውስጥ ፀጉር ቤት የሠራ ሰው ካለ ሌላ ባለሙያ አይጠራም። እኔ ሙያውን ከተውኩት ቆይቷል፤ አሁን የምውለው ቢሮ ነው። ለቤተሰቤ ግን ዛሬም ፀጉር ሠሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ ማንንም ሳታይ ስትገባ ለማን እንደመጣች ግልጽ ነበር።

ሻሹ ሲፈታ እናቴ "በስመ አብ!" ብላ ወጥ ቤት ገባች። ሳቋን ለመደበቅ ነው። ሥሩ ቢጫ፣ መሃሉ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኗል። እህቴ በአንድ እጇ ሁለተኛ ፓኬት ብሊች ይዛለች።

"አልነጣም፤ ድገሚልኝ።"

ብርቱካን ፀጉር ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ፓኬቱን ተቀብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ብትደግመው ኖሮ ዛሬ የማወራው ስለ ከለር ሳይሆን ስለ ዊግ ነበር።

ጥቁር ፀጉር ሲነጣ ዘሎ ወርቃማ አይሆንም። መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ። ለፀጉር ቀለሙን ከሚሰጠው ሜላኒን ጨለም ያለው ቀድሞ ይለቃል፤ ቀይና ቢጫው ግን ሙጭጭ ይላል። ሥሩ ከሌላው በልጦ የነጣው ደግሞ የራስ ቆዳ ሙቀት ስላፋጠነው ነው። ፀጉር ቤት ብሊች ሲቀባ ከሥሩ ራቅ ተብሎ የሚጀመረውና ሥሩ መጨረሻ ላይ የሚነካው ለዚህ ነው። እሷ ከሥር ጀምራለች። ሻጩም "ጠንካራው ይሻልሻል" ብሎ ከብሊች ጋር የሚበጠበጠውን ፐርኦክሳይድ ባለ 12 ፐርሰንቱን ሸጦላታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትቀባ ልጅ፣ ያውም እቤቷ! 6 ፐርሰንቱ ከበቂ በላይ ነበር።

እስከዚህ ይገባኛል። ያልገባኝ ጫፉ ነው። ጫፍ እንዲህ ቀልቶ የሚቀረው በፊት የሆነ ነገር ከነካው ነው።

"ከዚህ በፊት ምን ተቀብተሻል?"

"ምንም።"

"አስቢ እስቲ።"

"ምንም አልኩሽ እኮ!"

ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። የእሷ ቢለካ 30 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ጫፏ ላይ ያለው ፀጉር የበቀለው ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት ነው ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የነካው ሁሉ እዚያው አለ። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች።

"ሰርጉ ላይ ሂና አድርጌ ነበር። ለእጃችን የተበጠበጠው ተርፎ…"

"ይሄን ነው ምንም ያልሽው?"

"ሂና ከለር ነው እንዴ?"

ጅማ ውስጥ ሂና እንደ እንግዳ ነገር አይታይም። ለሰርግ አለ፣ ለዒድ አለ፣ ጎረቤት ሲያደርግ አብሮ ማድረግም አለ። ንጹሑ ቅጠል ለፀጉር ክፉ አይደለም፤ ብቻ አንዴ ከያዘ አይለቅም። የሚያስፈራው ብረት ነክ ጨው የተቀላቀለበት ዱቄት ነው። ብሊች ሲነካው ሊግል፣ ሊጨስ፣ ፀጉሩንም ሊበጥሰው ይችላል። የእሷ አለመጨሱ ዕድል ነው። ለዚህ ነው ፀጉር ላይ ምንም ከማድረጌ በፊት እንደ መርማሪ ፖሊስ የምጠይቀው። ሰው የሚዋሸው ፈልጎ አይደለም፤ ሂናን፣ ያለፈ ዓመት ፍሪዝን፣ ከጓደኛ የተረፈ ከለርን ከቁጥር ስለማያስገባው ነው።

ከማጅራቷ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀጭን ዘለላ ቆርጬ በክር አሰርኩ። ነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አጋደምኩት። ቤት የነበረኝን 5.1 ቁጥር ከለር በ3 ፐርሰንቱ ፐርኦክሳይድ በጥብጬ ቀባሁት። ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር የጥቁረቱን መጠን ይናገራል፤ 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ፣ 5 ፈካ ያለ ቡናማ። ከነጥቡ በኋላ ያለው 1 በአብዛኛው አመድማ ማለት ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ብርቱካናማን ይገድላል። ስለዚህ መሃሉ ይስተካከላል ብዬ ነበር፤ ተስተካከለም። ትንሽ ቆይቼ በእርጥብ ጥጥ ጠረግ ሳደርገው ግን የሥሩ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል። ደብዛዛ፣ የረጋ ኩሬ ዓይነት አረንጓዴ። ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲጨመር ሌላ ምን ይመጣል? እህቴ ሲኒ ማስቀመጫውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኋላ "ቶሎ በይ" አላለችም።

መላው ሁለት ቱቦ ነው ማለት ነው። ለብርቱካኑ 5.1፣ ለቢጫው ሥር ነጥብ የሌለው 5። ሁለተኛውን ከመርካቶ ገዛሁት። የአዲስ አበባውን ሳይሆን የእኛን የጅማውን መርካቶ ነው የምለው። ዝናቡ ሱቅ ውስጥ አግቶኝ ስለ ከለር የማያውቀውን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ሲያስረዳኝ ቆየሁ።

ቀጥሎ የመጣው ጥበቃ ነው። ከሁለቱም ከለር ጠብታ ጠብታ ከጆሮዋ ኋላ ቀብቼ 48 ሰዓት እንድትቆይ አደረግኩ። የከለር አለርጂ ቀልድ አይደለም፤ ፊት ያሳብጣል፣ ትንፋሽም ሊያሳጥር ይችላል። ታዲያ ሻሽ አስራ ቤት የዋለች ልጅ ከቡና ጠጪ አታመልጥም። ቡናው ከፍ እስኪል ሁሉም መድኃኒቱን አዘዘ። አክስቴ "ቂቤ ነው የሚያድናት" አለች። ቂቤ ድርቀቱን ያለሰልሳል፤ ከለር ግን አይመልስም፤ ከመቀባቱ በፊት ከሆነ እንዲያውም ያዥጎረጉረዋል። ጎረቤታችን አዛውንት በቡና አተላ ትታጠብ አሉ። ጅማ ነውና ቡና ለሁሉም ይታዘዛል። የቡና አተላ ትንሽ ያጠቁራል፤ በሁለተኛው እጥበት ይሄዳል። አንዷ ግን በረኪና አለች። እሱን ለቀልድም አልወደድኩትም። በረኪና የልብስ ነው፤ ፀጉርን ያቀልጣል፣ ቆዳን ያቃጥላል።

ቀባሁላት። ግንባሯና ጆሮዋ ዙሪያ ቫዝሊን፣ እጄ ላይ ጓንት። መጀመሪያ ብርቱካኑን፣ ቀጥሎ ሥሩን፣ ጫፉን መጨረሻ ላይ። ሥርና ጫፉ ተጎድቷልና ከለር ቶሎ ይጠጣል፤ አስቀድመህ ከቀባኸው ጠቁሮ ይቀራል። ፌስታል ወይም ካስክ የለም፤ ሙቀት አያስፈልገውም። ቧንቧው እንደልማዱ ስለሌለ ከአሸንዳ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ አጠብኩት። እውነት ለመናገር ከቧንቧው ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ሻምፖ በትንሹ ይበቃዋል።

ወርቃማ አልሆነም። ፀሐይ ሲመታው ውስጥ ውስጡን አሁንም ይቀላል። ግን አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፤ ሰው ዞር ብሎ አያየውም፤ እሷም በመጨረሻ የፈለገችው ይህንን ነበር። በየእጥበቱ እየለቀቀ ብርቱካኑ ብቅ ማለቱ ስለማይቀር ደጋግመን እናድሰዋለን። ፒያስትራ ለጊዜው ክልክል ነው። ሹሩባ ልሠራ ብላ ነበር፤ ላላ ካለ ይሁን፣ ከግንባር ወጥሮ መሳብ ግን አይሆንም አልኳት፤ የተጎዳ ፀጉር ሲወጠር ከመሃል ይበጠሳል። ጫፉን በየጊዜው እቆርጣለሁ። ሂናውም የሚሄደው እንደዚያ ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

የተበጠበጠውን ትርፍ ደፋሁት፤ ክዳን ተዘግቶበት ከተቀመጠ ጋዝ ይሠራና ዕቃውን ያፈነዳል። የ5 ቁጥሩ ቱቦ ግን ግማሹ አልተነካም። እናቴ አየችው።

"ይጣላል ይሄ?"

"አይጣልም፤ ይቀመጣል።"

"እንዲያ ከሆነ ለእኔ ሽበት ይሁና።"

በእህቴ ከሳቀች በኋላ! ጆሮዋ ኋላ ጠብታ ቀብቼ 48 ሰዓት እንድትጠብቅ ነገርኳት። ይሄው ከጠዋት ጀምሮ መስታወት ይዛ "ቀላ እንዴ?" እያለች በየሰዓቱ ትጠራኛለች።