ስልክ የተደረደረበት መስኮት
ዛሬ ፒያሳ፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ የሆነ ቡና ቤት ገባሁ። ኔትወርክ የለም። ባለቤቷ እናት «ልጄ፣ መስኮቱ ላይ አድርገው፤ እዚያ ይይዛል» አሉኝ። የደንበኛው ሁሉ ስልክ እዚያ ተደርድሯል፤ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ቀና ይላል።

ድንጋይ የስልኩን የሬዲዮ ሞገድ ያዳክመዋል። ተመራማሪዎች አሁን «ብልህ ገጽ» የሚሉትን እየሠሩ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳ። በላዩ ያሉት ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የሚነጥረውን ሞገድ ሲግናል ወደማይደርስበት ጥግ ይመሩታል። ከባዱ ነገር የእያንዳንዱን ክፍል ቅንብር ቶሎ መምረጥ ነው፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለወጣላ! ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከመረጃ የሚማር የኮምፒውተር ዘዴ፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ካለፉ ልኬቶች ተምሮ ይመርጣል። የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ኤትሲም በ2021 እ.ኤ.አ. የሥራ ቡድን አቋቁሞለታል።

የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን በጎንደር የድንጋይ ቤቶች ላይ ቢሞክሩት ከልቤ ደስ ይለኛል።