መርየምን ለማንበብ የትብብር ደብዳቤ

ሐረር ተቀምጣችሁ መጽሐፍ ቅዱስንና ቁርኣንን ጎን ለጎን ማጥናት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔን አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ሸዋ በር አካባቢ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ መድኃኔ ዓለም ቆሟል። አዛኑንም ቅዳሴውንም እየሰማን ነው ያደግነው። ጎረቤቶቻችን ምን እንደሚያነቡ ግን አላውቅም ነበር፤ ይኼ ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። አንድ ኮሌጅ የሃይማኖቶች ጥናት በማታ ሲጀምር ወዲያው ተመዘገብኩ።

ምዝገባው ቀላል ነው። መጻሕፍቱም አያስቸግሩም። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሞ አለ፤ አሁን በስልክም ይገኛል። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ግን 81ዱን መጽሐፍ ያዙ። ኮሌጁ የሚያድለው 66ቱን ብቻ የያዘውን ነው፤ ሄኖክና ኩፋሌ እዚያ ውስጥ የሉም።

መከራዬን ያየሁት በማጠናቀቂያው ጽሑፍ ነው። ርእሴ ግልጽ ነበር፦ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ከሱረቱ መርየም (ሱራ ማለት የቁርኣን ምዕራፍ ነው)፣ የዮሴፍን ታሪክ ከሱረቱ ዩሱፍ ጋር ማነጻጸር። ለዚህ ቁርኣን የሚያስቀራ ሰው መጠየቅ አለብኝ አልኩ። አስተባባሪው «ሞጁሉ ላይ አለ እኮ» አለኝ። አለ ብሎ ነው! ስለ እስልምና የተጻፈው ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች የክርስቲያን መልስ ነው። አንድም ሙስሊም አይናገርበትም። የቁርኣኑ ጥቅስ እንኳ ከመሐል ተቆርጦ ነው የገባው። የሰው እምነት ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዴት ይጻፋል? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከብዙ ንትርክ በኋላ የትብብር ደብዳቤ ጻፉልኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ቁርኣን ከሚያስቀራ ሰው ጋር እንዲያገናኙኝ ይዤው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «በእኛ ስም መጻፍ አለበት» ብላ መለሰችኝ። አስጽፌ መጣሁ። ማህተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተባልኩ። ያንንም አስተካክዬ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ መስክ ወጥተዋል። ከዚያ ደብዳቤው ራሱ ጠፋ፤ «ኮፒ የለሽም?» አሉኝ። (ኮፒ ያዙ። ሁልጊዜ ኮፒ ያዙ።)

በመጨረሻ ኃላፊው ተገኙ። ደብዳቤውን አላነበቡትም። «አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ቁርኣን ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። ማወቅ ስለምፈልግ ነው አልኳቸው። «ማን ልኮሽ ነው?» አሉ። ጥያቄዎቼን በጽሑፍ እንዳስገባና በኮሚቴ እንደሚታይ ነግረው ሸኙኝ። ተመልሼ ለአስተባባሪው ስነግረው «ብለንሽ ነበር፣ ተዪው» አለ። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም። የሁለቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ለምን ማወቅ ፈለግሽ? ሐረር ውስጥ፣ ሰው ሰርግና ለቅሶ አብሮ በሚውልበት ከተማ፣ ይህን መጠየቄ እንደ ጥፋት ተቆጠረብኝ።

የገላገለችኝ እናቴ ናት። «የጎረቤታችን ልጅ ቁርኣን ያስቀራ የለም እንዴ? እሱን ጠይቂው» አለችኝ። ሄድኩ። «ኡስታዝ፣ ደብዳቤ ላምጣ?» ስለው «የምን ደብዳቤ፣ እህቴ? ግቢ ሻይ ጠጪ» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ሱራውን እስከ መጨረሻው ሳንሰማ ጥያቄ እንዳላነሳ።

እሱ በዐረብኛ እየቀራ፣ እኔ በአማርኛ እየተከተልኩ ሄድን። ሉቃስ ላይ ዘካርያስ ልጁ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ዲዳ ሆኖ ይቆያል፤ በቁርኣኑ ሦስት ሌሊት ነው። ማርያም በሉቃስ ልጇን በግርግም ታስተኛዋለች፤ በቁርኣኑ ምጡ የሚይዛት ከዘንባባ ግንድ ሥር ነው። ኡስታዙ ሌላም ነገረኝ። በእስልምና ታሪክ መሠረት፣ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ከስደተኞቹ አንዱ የነበረው ጃዕፈር በንጉሡ ፊት የቀራው ከዚሁ ሱራ ነው። የገዛ አገራችን ታሪክ! ሞጁሉ በአንድ መስመር እንኳ አላነሳውም።

የዩሱፍ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። ዘፍጥረት 39 ላይ ልብሱ በጶጢፋራ ሚስት እጅ ይቀርና ማስመስከሪያ ይሆንበታል። በቁርኣኑ ቀሚሱ ከበስተኋላ ተቀዶ ይገኝና ነጻ ያወጣዋል። ይህን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩ። «የራስሽን ሳትጨርሺ የሰው አትንኪ» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። የኔታ አልተቆጡም። ብሉዩን ዘርግተው በአንድምታው ቁጥር በቁጥር አስረዱኝ። ስለዚህ ያንን ምክር አልቀበለውም። የራሴን መጽሐፍ እንደዚያን ሰሞን ተጠንቅቄ አንብቤው አላውቅም።

ሞጁሉ ቁርኣንን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ ይላል። አትስሙት። ሱራዎቹ በታሪክ ቅደም ተከተል አልተደረደሩም፤ ሁለተኛው ብቻ 286 አንቀጽ ነው። በዩሱፍ ጀምሩ፤ ከሞላ ጎደል አንድ ታሪክ ነው፣ ከልጅነት ሕልሙ እስከ ፍጻሜው። የክርክር መጻሕፍትን ለጊዜው አርቋቸው። ቁርኣን መሬት ላይ አታስቀምጡ። በእጅ የተጻፉትን የድሮ የሐረር መጻሕፍት ማየት ካማራችሁም ራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሙዚየም ሂዱ፤ ትኬት ቆርጦ መግባት ነው።

ጽሑፌን አስረከብኩ። «የእኛ መልስ ይጎድለዋል» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብኝ። ይቀነስ። ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

አሁን ከኡስታዙ ጋር ኢብራሂም ላይ ደርሰናል። ዘፍጥረት 22 ለመሥዋዕት የቀረበው ይስሐቅ ነው ይላል። ቁርኣኑ ልጁን በስም አይጠራውም፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ግን ኢስማኢል ነው ይላሉ። እዚህ ላይ እኔና እሱ አልተስማማንም። ሐሙስ ማታ እንቀጥላለን።