ጉድጓድ ስታስቆፍሩ ሲሚንቶው ሲገባ ከቦታው አትነሡ

ከስታዲየም ጀርባ ላለው የእንግዳ ማረፊያችን ጉድጓድ ያስቆፈርነው የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ፈቃዱ ወጣ፣ ሪጉ (መቆፈሪያ ማሽኑ) ገባ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ተበሳ፣ ኬዚንግ (ጉድጓዱን የሚደግፈው ቱቦ) ወረደ፣ በታችኛው ዙሪያው ጠጠር ተሞላ። እስከዚህ ድረስ ቅር ያለኝ ነገር የለም። ያቃጠለኝ ሲሚንቶው ነው።

በኬዚንጉና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ካልታሸገ የላይኛው ፍሳሽ በቱቦው ጀርባ ወርዶ ከምንጠጣው ውኃ ጋር ይቀላቀላል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ያረጀ የጉድጓድ ሽንት ቤት የሞላበት ነው። ስለዚህ ላይኛው 20 ሜትር በሲሚንቶ እንዲታሸግ ውሉ ላይ አስጽፌአለሁ።

ፎርማኑ ወፈር ያለ ሲሚንቶ በአካፋ ከላይ መጨመር ጀመረ። ሂሳቡን ቀድሜ ሠርቼዋለሁ፦ 12 ኢንች ጉድጓድ ውስጥ 8 ኢንች ኬዚንግ ሲቆም 20 ሜትሩ ወደ 700 ሊትር ይይዛል። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት በ25 ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ 40 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስንጥቁ የሚጠጣው ሳይቆጠር 17 ወይም 18 ከረጢት ይፈልጋል። በ5 ከረጢት አፉ ድረስ ሞላ!

«እትዬ፣ ሞልቷል እኮ፤ ምን ቀረ?» አለኝ። ሲሚንቶው መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ይባስ ብሎ «ላይኛው ከተዘጋ ይበቃል» ብሎ ሊፈርም እስክሪብቶ አወጣ። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ቅጹ ላይ ለፓምፕ ሙከራ (ጉድጓዱ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥ ለሚለካበት) ሙሉ ገጽ አለ፣ ለማሸጊያው አንዲት መስመር።

እኔ አልፈረምኩም። ሳይደርቅ በኮምፕረሰርና በውኃ አሳጥቤ አስወጣሁት። ከዚያ 1 ኢንች ቧንቧ በኬዚንጉ ጎን እስከ ታች አስወርጄ ሲሚንቶው ከሥር እየገፋ እንዲወጣ በፓምፕ አስሞላሁ። በነዳጅና በጋዝ ጉድጓድም ከታች ወደ ላይ ነው የሚሞላው፤ እዚያ ሲሚንቶው በኬዚንጉ ውስጥ ወርዶ በጀርባው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 11 ሠራተኞች የሞቱበት ፍንዳታ ሲመረመር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ከጉድጓዱ ሥር ያለው ሲሚንቶ ጋዙን አለማገዱ ነበር።

መጀመሪያ ጭቃ ውኃ ወጣ፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ግራጫ። ፎርማኑ «በቃ፣ ወጣ» ሲል አስቀጠልኩት። በመዳፌ የያዝኩት በርሜሉ ውስጥ ካለው ጋር እኩል እስኪወፍር አላስቆምኩም። በዚህ እኮራለሁ።

የውኃ ጎማ ይዞ ሲሚንቶው ላይ ውኃ የሚጨምርበትን ሠራተኛ አታስጠጉ። በአንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ መዝኑት፤ ከ1.8 ኪሎ በጣም ከቀለለ ቀጥኗል፣ መልሱት። ጠጠሩ ላይ ደቃቅ አሸዋ ወይም ቤንቶናይት (ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ አፈር) ሳይነጠፍ ሲሚንቶ ከገባ ወደ ወንፊቱ (ውኃ ወደሚገባበት ቀዳዳ ቱቦ) ይወርዳል። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይሻላል ባይ ነኝ። የሞላችሁትን ሲሚንቶ በማግስቱ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ጨምሩበት። ኮንትራክተሩ ማታውኑ የፓምፕ ሙከራ ልጀምር ይላችኋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም እንዳይነካው፣ የመጨረሻውን ክፍያ ይዛችሁ እምቢ በሉት።