ቀን ዓለት፣ ማታ ሙዚቃ፦ ቅዳሜዬን እንዴት እንዳደራጀሁት

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ አፍንጫ ሥር ያለች፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላባት ከተማ ናት። እዚህ ያለን ሰዎች ሳምንቱን ሥራ ላይ ነን። ሁለት ሥራ ያለውም ብዙ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ልብስ ማጠብ፣ አስቤዛ፣ ለቅሶ ወይም ልደት፣ የተረፈው ለእንቅልፍ። እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ቅዳሜዬ በሁለት ነገር ተይዟል። ቀን ከጓደኞቼ ጋር በገመድ ዓለት እወጣለሁ። ማታ በአካል የሚጫወት ባንድ ፊት እቀመጣለሁ። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፤ «ጊዜውን ከየት አመጣኸው?» ይለኛል። ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተማርኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ዓለቱ ይቀድማል፣ ሙዚቃው ይከተላል። ፖስተሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ምንም ይሁን ምን፣ የሐበሻ ዘፈን ቤት የሚሞቀው ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ዓርብ ማታ እዚያ ያመሸ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የጓደኛውን ገመድ ሊይዝ አይገባም። ገመድ የያዘ ሰው የያዘው የሌላ ሰው ነፍስ ነው። በእኛ ቡድን ይህ የማይታለፍ ሕግ ነው፦ ዓርብ በጊዜ መተኛት፣ ቅዳሜ ማልዶ መነሣት። ያልተኛ ሰው ቢመጣም ደስ ይለናል፤ ግን ተቀምጦ ያያል እንጂ ገመድ አይነካም።

የምንሄደው አብዛኛውን ጊዜ ካርደሮክ ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በሜሪላንድ በኩል፣ በቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ውስጥ ይገኛል። መግቢያ አይከፈልም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ገደሉ ያለው የእግር መንገድ የደቂቃዎች ነው። ገደሉ ትልቅ አይደለም፤ ረጅም የሚባለው 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ነው። ዓለቱ ሚካ ሺስት የሚባል ዓይነት ስለሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ ብልጭ ይላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ሰው ሲወጣበት ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጅና በጫማ ተሻሽቶ አንዳንዱ ቦታ እንደ መስታወት ለስልሷል። እዚያ ክንድ ብዙ አይረዳችሁም፤ ሥራው የእግር ነው። ጂም ውስጥ ሰው ሠራሽ ግድግዳ በጉልበት የሚወጣ ወጣት እዚህ መጥቶ ሲንሸራተት፣ አንዲት ቀጭን መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴትዮ ቀስ ብላ፣ ተረከዟን ዝቅ አድርጋ፣ እየተራመደች ስታልፈው አይቻለሁ። ከእሷ ብዙ ተምሬያለሁ። ክብደትህን እግርህ ላይ ጣል፣ ሆድህን ከዓለቱ አርቅ፣ ከመርገጥህ በፊት የምትረግጠውን እይ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የመውጫዎቹ ደረጃ በአሜሪካ 5 ብሎ ይጀምርና ከነጥብ በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። 5.5 ቀላል ነው። ከ5.10 ጀምሮ ፊደል ይጨመርበታል፤ ዛሬ ላይ 5.15 ተደርሷል። ጂም ውስጥ 5.9 ወጣሁ ያለ ሰው ካርደሮክ ላይ ከ5.5 እንዲጀምር እመክራለሁ። ቁጥሩ ያው ቢሆንም የቆየ ዓለት ላይ የተሰጠ ደረጃ ይከብዳል።

ካርደሮክ ላይ የምንጠቀምበት ዘዴ ቶፕ ሮፕ ይባላል። ገመዱ ከላይ በታሠረ መልሕቅ ውስጥ ያልፍና ሁለቱም ጫፎች ወደ ታች ይወርዳሉ። አንዱ ጫፍ በወጪው መታጠቂያ ላይ ይታሠራል፤ ሌላውን ታች የቆመው ጓደኛ ገመዱን አጥብቆ በሚይዝ መሣሪያ ይይዛል፤ ይህ ገመድ መያዝ ቢሌይ ይባላል። ወጪው ቢወድቅ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ያለው መልሕቅ ግን የቀልድ አይደለም። በጠንካራና ሕይወት ባለው ዛፍ ላይ እናስራለን፤ አንድ ዛፍ ላይ ብቻ አንተማመንም። ገመዱ የዓለቱን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ መከላከያ እናደርጋለን። ማያያዣው ላይ የሚቆለፉ ሁለት ካራቢነሮችን (የብረት ቀለበቶችን)፣ በራቸውን በተቃራኒ አቅጣጫ አድርገን እንጠቀማለን። ይህን ከቪዲዮ አትማሩት። ቢሌይ መያዝን ጂም ውስጥ አስተማሪ ያስተምራችሁ። መልሕቅ ማሠርን ደግሞ ፈቃድ ካለው ጋይድ ጋር አንድ ቀን ወጥታችሁ ተማሩ። የምትከፍሉት ገንዘብ ከጫማውም ከገመዱም ሊበልጥ ይችላል፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

ከመውጣታችን በፊት ሁልጊዜ እርስ በርስ እንፈታተሻለን። ገመዱ መታጠቂያው ላይ የሚታሠርበት የስምንት ቅርጽ ቋጠሮ፣ የመታጠቂያው ማያያዣ፣ መሣሪያው፣ ሄልሜቱ። ትእዛዞቹንም አስቀድመን እንስማማባቸዋለን፤ ስም ጠርተን «ያዝ»፣ «ገመድ ጨምር»፣ «አውርደኝ»። ቅዳሜ ገደሉ ሥር ሰው ይበዛል። ስም ሳይጠራ «አውርደኝ» ቢባል የሌላው ጓደኛ ሊያወርድ ይችላል። በቨርጂኒያ በኩል ያለው ግሬት ፎልስ ላይ ደግሞ የፏፏቴው ድምፅ ሰው አያሰማም። እዚያ ወንዙ ራሱ አደገኛ ነው። መዋኘት ቀርቶ እግር መንከርም ክልክል ነው፤ ክልከላውን የናቁ ሰዎች ሞተውበታል። ከዝናብ በኋላ ውኃው ወደ ገደሉ ሥር ስለሚወጣ ከቤት ሳንነሣ የውኃውን ከፍታ እናያለን።

ቤተሰብን ማስረዳት ሌላ ሥራ ነበር። እናቴ በስልክ ስትሰማ፣ «ልጄ፣ ገደል ለገደል የምትንከራተተው ምን ጎድሎብህ ነው?» አለችኝ። ያሳመንኳት በደብረ ዳሞ ነው። አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ገዳም አምባ ላይ ነው፤ መንገድ የለውም። 15 ሜትር ገደማ በቆዳ ገመድ ይወጣል። እንግዳ ሲመጣ አንዱን ገመድ በእጁ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወገቡ ላይ ይታሠርለትና ላይ ያለው መነኩሴ ይስበዋል። ያ ሁለተኛው ገመድ ማለት የኛ ቶፕ ሮፕ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ላይ ያለው ሰው ማን ነው?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። የገመድ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ነገርኳት። አሁን ከእኔ ይልቅ ስለ እነሱ ነው የምትጠይቀኝ።

ስንቃችን በሶ ነው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ፣ ትንሽ ጨው፣ ከዚያ ቆሎ። በሱቅ የሚሸጡት የስፖርት ምግቦች ሁሉ ከዚህ አይበልጡብኝም። በጾምም አያስቸግርም። ሁዳዴ ሲገባ እኔ ዘፈን ቤት አልሄድም፤ ዓለቱን ግን አልተውም። ብርድ ላይ ላብ ስለማይኖር ጣትም ጫማም ዓለቱን ይበልጥ ይይዛሉ። የካቲትና መጋቢት ላይ ፀሐያማ ቀን ከተገኘ ከሰመሩ ሙቀት በብዙ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቶ መታጠብና መተኛት ግድ ነው። ያቺ እንቅልፍ ከሌለች ማታው ይበላሻል። ከዚያ ነው ሙዚቃው።

ስለ ሙዚቃው ብዙ መናገር እወዳለሁ። ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና፣ ከዚያም ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ የኛ ባንዶች የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። ይህ ከተማ ትልቅ ሙዚቀኞቻችንን አስተናግዷል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ለኮንሰርት መጥቶ እዚሁ ቀረ። ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ዳለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ከ2013 ወዲህ የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ፣ ዓለምን እየዞረ ይጫወታል። ጊዜ የለኝም ልል ስል የማስበው ሰው እሱ ነው። ልምምዱን ያቆየው በተራ መጠበቂያ ደቂቃዎች ነው።

በአካል መስማት ከስልክ የሚለየው በአዝማሪው ላይ ይታያል። መሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛችሁ ጋ ይመጣል፤ ስማችሁን ጠይቆ፣ ልብሳችሁን አይቶ እዚያው ይገጥምላችኋል። አንድ ጊዜ የእጄን ጭረት አይቶ ስለ ዝንጀሮና ስለ ገደል ገጠመልኝ፤ ቤቱ በሙሉ ጮኸ። ያንን ግጥም ደግሜ የትም አልሰማውም።

አስገራሚው ነገር፣ ይህንኑ ያገኘሁት የዲሲ ጥቁር አሜሪካውያን በፈጠሩት ጎጎ ሙዚቃ ውስጥ ነው። ቸክ ብራውን የጎጎ አባት ይባላል፤ በ2012 ነው ያረፈው። ጎጎ ላይ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ዝም አይባልም፤ ኮንጋውና ከበሮው ይቀጥላል። መሪው በመሀል የተሰበሰበውን ሰው በስሙና በሰፈሩ እየጠራ ያወድሳል፤ ሕዝቡም ይመልሳል። አዝማሪ ላደገበት ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ2019 ዘጠነኛው ጎዳና አጠገብ፣ ሰባተኛውና ፍሎሪዳ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ጎጎ ለዓመታት ሲያሰማ የኖረ የስልክ ሱቅ፣ ከአዲስ ነዋሪ ወገን በመጣ ቅሬታ ድምፁን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ ባንዶቹን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ፤ ሙዚቃው ተመለሰ። በየካቲት 2020 ጎጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ሆኖ በሕግ ጸደቀ። ለእኛም ትምህርት አለው። ኪራይ እየናረ ስንት የሐበሻ ቤት ከዩ ስትሪት ወጥቷል። ባንድ የሚኖረው ሰው በአካል ሄዶ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ ራቱን እዚያው በልቶ ሲሰማው ነው። ስለዚህ ማታ ላይ ሌላ ቦታ በልቼ አልሄድም፤ ለአዝማሪውም ሽልማት የሚሆን ዝርዝር ገንዘብ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ጆሯችሁን ጠብቁ። በ100 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ ያለ መከላከያ እንዲቆይ የሚመከረው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስፒከር ሥር ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበትን የጆሮ መድፈኛ ገዝቻለሁ። ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያፍንም፤ የክራሩ ጥራት ይሰማል። ከኋላ፣ ከድምፅ ማስተካከያው አጠገብ መቀመጥም ጥሩ ነው፤ ድምፁ ከሁሉ የሚስተካከለው እዚያ ነው። እሑድ ቅዳሴ ስላለ እኩለ ሌሊት ካለፈ ብዙ አልቆይም። በሰመር እሑድ ከሰዓት ሰውነት ካልደከመ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ከበሮ አለ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሰው ተሰብስቦ ይመታል፣ ይጨፍራል፣ በነፃ።

ረጅም ቅዳሜና እሑድ ሲገኝ ዌስት ቨርጂኒያ እንወርዳለን። ሴኔካ ሮክስ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከሸለቆው 900 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ነጭ የኳርትዛይት ግድግዳ ነው፤ የደቡብ ጫፉ ላይ ያለ ገመድ ሥራ አይደረስም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን እዚያ አሠልጥኗል። ዣንዳርም የሚባለው ቀጥ ያለ የዓለት ዓምድ በ1987 ተደርምሶ ወድቋል፤ ዓለትም እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ሁሉም አየ። ሄልሜት የማናወልቀው ለዚህ ነው።

ማታ ወደ ኤልኪንስ ከተማ ብንሄድ የአፓላቺያ፣ ማለትም የዚያ ተራራማ አገር ሙዚቃ እናገኛለን። ፊድል (ቫዮሊን) እና ባንጆ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱን ዜማ እየደጋገሙ ይጫወታሉ። ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ያመጡት መሣሪያ ዘር ነው። ከዜማዎቹ ብዙዎቹ እንደ ትዝታና ባቲ አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። መጀመሪያ የሰማን ለት ከመካከላችን አንዷ አንገቷን በእስክስታ መምታት ጀመረች፤ ባንጆ የያዙት ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ፍጥነቱን ጨመሩላት።

በዚህ ዓመት ቅጠል በሚለወጥበት ወር አዳዲስ ሁለት ጓደኞችን ሴኔካ መውሰድ እንፈልጋለን። ሁለቱም መውጣት ይችላሉ፤ ቢሌይ መያዝ ግን ገና አልጨረሱም። እዚያ ደግሞ ከታች ሆኖ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ በየመሀሉ ቆሞ ከላይም መያዝ አለ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በየቅዳሜው ካርደሮክ ላይ ይለማመዳሉ፤ እኔም ታች ቆሜ አያቸዋለሁ። ማታ የባንዱን ጠረጴዛ የሚይዙት ደግሞ እነሱ ናቸው፤ ተነጋግረናል።